አጥንት የሌለው አሳ

ወንዝ ዳር ውላችሁ አሳ ልታጠምዱ ያሰባችሁ ካላችሁ ስለ ስንቅ እኔን ጠይቁኝ። ሙያዬ ቀለም ቀቢነት ነው። ቀራንዮ ውስጥ ካሉት አዳዲስ ፎቆች የግማሹ ግድግዳ በእጄ አልፏል ብል ትንሽ ነው የማጋንነው። ስንቅ ላይ ግን አላጋንንም። ሚጥሚጣ በወረቀት ተጠቅልሎ አይሄድም፣ ወንዝ ዳር ይርሳል፤ በትንሽ ብልቃጥ ነው የሚያዘው። ሎሚ ሳይቆረጥ ይያዛል። ሽንኩርት ከቤት ተከትፎ ከሄደ መኪናውን ያገማዋል። ዳጣ ክዳኑ በሚጠብቅ ጠርሙስ ይሁን። ዘይት፣ ጨው፣ መጥበሻ፣ አንድ ፌስታል ከሰል። እንጀራ ፀሐይ ላይ ስለሚደርቅ ቂጣ ይጨመርበታል። ከሁሉም በላይ ግን አንድ የበሰለ ነገር መያዝ ግዴታ ነው፤ አሳ ቀጠሮ አያከብርም።

ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ከካቻምና የገና ጾም ወዲህ ስንቅ ቋጥሬ አላውቅም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ነገሩ ከአሳው ስለማይጀምር ትንሽ ታገሱኝ።

ወንድሜ ደሳለኝ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኝ ነበር። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ፊደል ቆጣሪ ነበርኩ፤ እሱ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ የጭነት መኪና ረዳት ሆነ። የእኔ ደብተርና ጫማ፣ የእናታችን መድኃኒት፣ ሁሉም ከዚያ መኪና ላይ ነው የወረደው። ቆይቶ ራሱ ሾፌር ሆነና የጅማን መንገድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚነዳው ሆነ። በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ ወንድም ጋሼ ነበር የምለው። ጮክ ብሎ ይስቃል፣ ጮክ ብሎ ይቀልዳል፣ ዝምታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

ታዲያ እኔ ይህን ሰው ምን አደረግኩት? ትዳር ልይዝ ስነሳ ሽማግሌ አድርጌ ሳልልከው ቀረሁ። የሚስቴ ቤተሰቦች ሳንሱሲ ነው የሚኖሩት፤ የተማሩ፣ ቁጥቦች፣ ንግግራቸው የተለካ ሰዎች ናቸው። ወንድም ጋሼ እዚያ ሳሎን ገብቶ የረዳትነት ዘመን ቀልዶቹን ሲጀምር ታየኝና አፈርኩበት። በእሱ ፈንታ ከረባት የሚያስሩትን አከራዬን ላክሁ። አባት ሆኖ ያሳደገኝ ሰው ሚስት እንደተጠየቀችልኝ ከጎረቤት ሰማ።

በሠርጌ ዕለት ግራጫ ሱፉን ለብሶ መጣ። ከፊት ተቀመጠ። ሳህን ሲቀርብለት በእጁ ጀርባ ገፋ አድርጎ «በቃኝ» አለና ተነስቶ ሄደ። አንዲት ጉርሻ አልቀመሰም። በእኛ አገር ከዚህ የባሰ ስድብ ካለ ንገሩኝ። እኔም የራሴን ጥፋት ረስቼ የእሱን ስድብ ብቻ ይዤ ቀረሁ። በቤቶቻችን መሀል ያለው የአስር ደቂቃ መንገድ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ አልተሻገርነውም።

ያስታረቁን የእድራችን ሰዎች ናቸው። ድንጋይ ተሸክሜ እግሩ ላይ ወደቅኩ፤ አነሳኝ፤ ጉንጬን ሳመኝ። ሽማግሌዎቹ መርቀውን ሄዱ። ዕርቁ ግን ከአፍ አላለፈም። ቤቴ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፤ እህል ሲቀርብ ግን «አሁን ከቤት በልቼ ነው የወጣሁት» ይላል። ሚስቱ ስመኝ፣ እኔ እታለም ነው የምላት፣ አንድ ቀን በር ላይ ሸኝታኝ «ተው አንተ ልጅ፣ አታስጨንቀው። ቁስል በአንድ ቀን አይሽርም፣ ጊዜ ስጠው» አለችኝ። እኔ ግን ጊዜ መስጠት የምችል ሰው አይደለሁም። ወንድም ጋሼ ከእጄ እስኪበላ ድረስ አልታረቅንም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

በልጅነቴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከጭነቱ ጋር ጭኖ ጊቤ ይወስደኝ ነበር። እሱና ሾፌሩ ሲያርፉ ወንዙ ዳር መንጠቆ እንጥላለን። ይህ ትዝ አለኝና አንድ ማታ ሄጄ፣

«ወንድም ጋሼ፣ ጊቤ እንሂድ» አልኩት።

«ምን ልናደርግ?»

«አሳ ልናጠምድ። እንደ ድሮው።»

«ስንቁን ማን ይይዛል?»

«እኔ።»

«ምን ትይዛለህ?»

«የሽምብራ አሳ።»

ያኔ ሳቀ። ከአራት ዓመት በኋላ ለእኔ የሳቀው የመጀመሪያው ሳቅ ነው። «አሳ ሊያጠምድ አሳ ይዞ የሚሄድ ሰው አንተን አየሁ!» አለና በመዳፉ ጉልበቴን መታኝ።

የሽምብራ አሳ በልታችሁ ለማታውቁ፣ የሽምብራ ዱቄት ተለውሶ፣ በአሳ ቅርጽ ተቆርጦና ተጠብሶ ቁሌት ውስጥ የሚገባ የጾም ወጥ ነው። እናታችን በሹካ ጫፍ ዓይንና ቅርፊት ታወጣለት ነበር። ወንድም ጋሼ ከመንገድ የሚገባው በጾም ከሆነ የምትጠብቀው በዚህ ነው። «ብላ ልጄ፣ ይኼ አሳ አጥንት የለውም» ትለዋለች፤ እሱም ሁልጊዜ አዲስ ቀልድ የሰማ ይመስል ይስቃል። እሷ ካረፈች ወዲህ በእሷ አሠራር የምሠራው እኔ ብቻ ነበርኩ። የመጨረሻ ልጅ ስለነበርኩ ከማዕድ ቤት አልጠፋም ነበር።

አርብ ከሥራ ስገባ ጀመርኩ። ሚስቴ ልታግዘኝ ብትመጣ አባረርኳት። ሽንኩርቱን ሁለት ሰዓት አበሰልኩት። አስራ ሁለት አሳ ቆረጥኩ፣ ለአስራ ሁለቱም ዓይን አወጣሁላቸው። ያን ማታ የእኔን ደስታ ብታዩ ልጁን የሚድር ሰው እንጂ ለአንድ ቀን ሽርሽር ስንቅ የሚቋጥር ሰው አትሉኝም ነበር።

ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ በአሮጌው ኮሮላው መጥቶ ጥሩምባ ነፋ። ከአየር ጤና ወጥተን ሰበታን ስናልፍ ነጋ። ወልቂጤ እስክንደርስ አፉ አላረፈም፤ የትኛው ኩርባ ላይ ማን እንደተገለበጠ፣ የትኛው ምግብ ቤት ውስጥ የትኛዋ አስተናጋጅ ሻይ እንደደፋችበት ሁሉንም ነገረኝ። አራት ዓመት ያጠራቀመውን የሚያራግፍ ይመስል ነበር። የጊቤን ቁልቁለት ስንጀምር ሙቀቱ ተቀበለንና ሁለታችንም ሹራባችንን አወለቅን።

ወንዙ ዳር ጋሽ ቶሎሳ የሚባሉ አሳ አጥማጅ አገኘን። ወንድም ጋሼን ከድሮ ጀምረው ያውቁታል። መንጠቋችንን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከራሳቸው ሁለት ሰጡን፣ ትል የሚገኝበትንም ቦታ አሳዩን። ከዚያ ተቀመጥን። ሰዓት ሄደ። አሳ የሚባል ነገር የለም። ወንድም ጋሼ በየአስር ደቂቃው «የያዝካቸውን አስራ ሁለቱን ወደ ውኃው እንልቀቃቸውና መልሰን እንያዛቸው» ይለኛል። ጋሽ ቶሎሳ እንኳ ሳቁ።

ስድስት ሰዓት ገደማ የእኔ ክር ተወጠረ። እጄን ሊገነጥለው ደረሰ። ወንድም ጋሼ ከኋላ ወገቤን ይዞ «ልቀቅለት! አሁን ሳብ! ልቀቅለት!» እያለ ይጮኻል። አወጣነው። ክንዴን የሚያህል ነጭ አሳ ነበር።

ጋሽ ቶሎሳ በጣታቸው ጎኑን ዳሰስ አደረጉት። «ይኼ ሥጋው ይጣፍጣል። አጥንቱ ግን ብዙ ነው፣ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው። አጥንቱን እኔ ላውጣላችሁ?»

«ኧረ ተዉት ጋሽ ቶሎሳ፣ እኔ እበቃለሁ» አልኩ።

«እሺ። ግን ይኼ ሲበላ ወሬ አይወራም። ቀስ ተብሎ ነው።»

«ሰምተናል አባባ» አልኳቸው። መስማትስ ሰምቼ ነበር።

አሳውን አራት ቦታ ቆርጬ ጨውና ሎሚ አሸሁበት፣ ከሰሉን አቀጣጥዬ ጠበስኩት። የሽምብራውን ወጥ በሌላኛው ድንጋይ ላይ አሞቅኩ። እንጀራውን ዘረጋሁ። ጋሽ ቶሎሳ ድርሻቸውን በሳህን ተቀብለው ትንሽ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ እኔ እጄን ታጥቤ ወንድሜን ማየት ጀመርኩ። ወጡን አየ፣ አሳውን አየ። እጁን ሰደደና ከሽምብራው ቆረሰ።

በላ። ከሠራሁት ምግብ በላ። ዳግመኛ ቆረሰና አንዱን የሽምብራ አሳ ከፍ አድርጎ ዓይኑን አየለት። «የእማዬ ነው» አለ። በመዳፉ ዓይኑን ጠረገ። «ልክ የእማዬ ነው። እንዴት አልረሳኸውም?»

እዚህ ላይ ነበር ማቆም የነበረብኝ። ወንድሜ ከእጄ በልቷል፤ ያለቀሰልኝም ያህል ነው፤ ከዚህ ሌላ ምን ፈለግኩ? የራበው ሰው መጥገቡን አያውቅም መሰለኝ። ከሽምብራው ጠቅለል አድርጌ ጉርሻ ዘረጋሁለት። አፉን ከፈተ፣ ጎረሰ፣ አኘከ፣ ዋጠ።

«በቃኝ» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ጠግቤአለሁ ወንድሜ።»

«አንድ ያጣላል!» አልኩት።

«አራት ዓመት ተጣልተን የለም እንዴ? ከዚህ በላይ ምን ሊያጣላን ነው?»

«አይሆንም። ሁለተኛዋ ከእኔ አሳ ናት። እኔ ያወጣሁት እኮ ነው!»

«በቃኝ አልኩህ እኮ።»

«በሞቴ!» አልኩት። «በሞቴ ወንድም ጋሼ! ስሞትልህ!»

ከአሳው ሆድ ላይ ወፍራሙን ሥጋ ፈልቅቄ፣ ዳጣ አስነክቼ፣ በእንጀራ ጠቀለልኩት። ትልቅ ነበር። ጉርሻ ትንሽ ከሆነ ፍቅሩም ትንሽ ነው የሚመስለን። አጥንቱን ለቅሜአለሁ ብዬ ነበር፤ የለቀምኩት በዓይኔ እንጂ በጣቴ አልነበረም። እሱ እየሳቀ አፉን ከፈተ። አጎረስኩት። እየሳቀ ነበር የጎረሰው።

ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። እጁን ጉሮሮው ላይ አደረገ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ለመሳል ሞከረ። ዓይኑ ውኃ ሞላ።

«ምነው? ወጋህ?»

በጭንቅላቱ አዎ አለኝ።

ጋሽ ቶሎሳ ሳህናቸውን አስቀምጠው ተነሱ። «አፍህን ክፈት ደሳለኝ።» አዩ። «አይታይም። ወደ ታች ሄዷል። አትግፉት። መኪና አላችሁ፣ ወልቂጤ ሐኪም ቤት ውሰደው።»

«ኧረ ለአጥንት ነው እንዴ ጋሽ ቶሎሳ? እኛ ቤት መድኃኒቱ ይታወቃል» አልኳቸው። እናታችን የአሳ አጥንት ሲሰነቀርብን ደረቅ ቂጣ ታስውጠን ነበርና። ቂጣውን ቆርሼ በእጄ ጨምቄ ድቡልቡል አደረግኩት። «ሳታኝክ ዋጠው።»

ዋጠ። ፊቱ ተጨማደደ።

«አትግፉት እያልኩ ነው» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ጠነከረ።

እኔ ግን ሁለተኛውን ሠርቼ ነበር። ሁለተኛውንም ዋጠ። ሦስተኛውን ከበፊቶቹ አተለቅኩት። ሲውጠው ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ፣ እንባው በጉንጩ ወረደ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ተነፈሰና፣

«ወረደ» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ወርዷል አልኩህ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። ጋሽ ቶሎሳ ሁለታችንንም አይተው መረባቸውን ሊያዩ ወረዱ። አልተሰናበቱንም።

ስንመለስ ወልቂጤ ላይ «ሐኪም ቤት ጎራ እንበል?» አልኩት። ሰው «አይ» እንዲለው ፈልጎ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ የእኔ እንደዚያ ነበር።

«ለአንድ አጥንት?» አለ ቀስ ብሎ። «እንዲህ ያለ ቀን አናበላሽም።»

እኔም ተደሰትኩ። ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ በጣም ነው የተደሰትኩት። ከዚያ እስከ ቀራንዮ ድረስ ያወራሁት እኔ ነኝ። እሱ አልፎ አልፎ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ውጭ ይተፋል፤ ምራቁን መዋጥ አቅቶት እንደነበር አልገባኝም። ዝምታ ያልፈጠረበት ሰው ሦስት ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ ሲነዳ፣ እኔ ልቡ ተነክቶ ነው ብዬ አሰብኩ።

እቤቱ በር ላይ እታለም ወጥታ ተቀበለችን። «እህ፣ በላልህ?» አለችኝ በጆሮዬ።

«ሁለት ጉርሻ!» አልኳት። እልል ልትል ትንሽ ነው የቀራት። ወደ ውስጥ ስትገባ ወንድም ጋሼ ክንዴን ያዘኝ። «ስለ አጥንቱ እንዳትነግራት። በከንቱ ትጨነቃለች።» እሺ አልኩ።

እሑድ ስደውል ስልኩን ያነሳችው እሷ ናት። «ጉንፋን ይዞታል፣ ድምፁ ተዘግቷል፣ ተኝቷል» አለችኝ። ሰኞ ጠዋት መሰላል ላይ እያለሁ ደወለች። እያለቀሰች ነበር። ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ አድሮ አንገቱ አብጧል።

ሆስፒታል ስደርስ አልጋ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ መተኛት አልቻለም። ወጣት ሐኪም ናት ያየችው። አንገቱን በጣቷ ጫን ስታደርገው ፊቷ ተለወጠ።

«ምን ዋጡ?» አለችው።

«አሳ» አለ በሹክሹክታ። «አጥንት።»

«መቼ?»

«ቅዳሜ።»

«ከዚያስ? ለማውረድ ብለው ሌላ ነገር ዋጡ? ቂጣ፣ ሙዝ፣ እንዲህ ያለ ነገር?»

ወንድም ጋሼ እኔን አየኝ። እታለምም አጠገቤ ቆማለች። አፌን መክፈት ነበረብኝ። «እኔ ነኝ» የምትባል አጭር ንግግር ናት። ዓይኔን ወደ ወለሉ ጣልኩ።

«ራሴ ነኝ» አለ እሱ። «ተቻኩዬ... ጎረስኩ። ከዚያ ቂጣ ዋጥኩበት። ራሴ።»

ሐኪሟ ሳትቆጣ ነገረችን። ቅዳሜውኑ ቢመጣ በመሣሪያ ስቦ ማውጣት ይቻል ነበር። ቂጣው አጥንቱን ገፍቶ የምግብ ቧንቧውን በስቶታል፤ ቁስሉ መርዞ ወደ ደረቱ ገብቷል፤ ዛሬውኑ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል።

እታለም ዞራ ባሏን ተቆጣችው። «ምነው ደሳለኝ? ምን ያስቸኩልሃል? ልጅ ነህ እንዴ? ሰው እንዴት በገዛ እጁ ራሱን እንዲህ ያደርጋል?» እሱም አንገቱን ሊደፋ ሞክሮ አቃተውና ዓይኑን ብቻ ጨፈነ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ስትቆጣው ሰማሁ፤ ዝም አልኩ።

ቀዶ ጥገናው ካለፈ በኋላ ጥቂት ቀን ተስፋ ነበረን። በአምስተኛው ቀን ለብቻዬ ገባሁ። በአፍንጫው ቱቦ ገብቶለት ነበር፤ በአፉ ጠብታ ውኃ አይፈቀድለትም። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር የሄድኩት። ጎንበስ በል አለኝ በእጁ።

«ከሽምብራው ተረፈ?» አለኝ።

«ተርፏል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ።»

«አስቀምጥልኝ።»

በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ያስቀመጥኩለትን ሳህን ከማቀዝቀዣው ያወጣችው ሚስቴ ናት፤ እኔ እጄ አልሄደም።

ለቅሶ ቤት የመጣ ሁሉ ምን እንደሆነ ይጠይቃል። እታለም ትመልሳለች። «አሳ ሲበላ ተቻኩሎ... በገዛ እጁ።» ሰዉ ከንፈሩን ይመጥጣል። አንዳንዱ ውጭ ወጥቶ፣ «ስንት ቁልቁለት የወረደ ሾፌር ለሆዱ ሲል ይሙት?» ይላል። እኔ ይህን እየሰማሁ ድንኳን ሥር ከፊት ተቀምጬ እንግዳ እቀበላለሁ። ሰዎቹ ስንቅ ቋጥሬ ወንዝ ወስጄ የታረቅኩት እኔ መሆኔን እየተናገሩ ያጽናኑኛል።

በሰባተኛው ቀን እታለም ሳህን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የሽምብራ አሳ ሠርታ ነበር። እንደ እናታችን አልነበረም፤ ዓይን አላወጣችለትም። «ወንዙ ዳር ይህን በልቶ እንደተደሰተ ነግሮኛል» አለች። ከዚያ በእጇ ጠቀለለችልኝ። «አንተም እህል ከቀመስክ ሰነበትክ። ወንድምህ ከእጅህ በልቶ ነው የሄደው፣ አሁን አንተ ከእኔ እጅ ብላ። በሞቴ።»

በላሁ።

«አንድ ያጣላል» አለችና ሁለተኛውን ዘረጋችልኝ።

እሱንም በላሁት። እግዜር ይየኝ፣ ሁለቱንም በላሁ፣ ዝም አልኩም።

አንድ ዓመት እንደዚያ ኖርኩ። ከውጭ ለሚያየኝ ደህና ነበርኩ። በየሳምንቱ እሑድ እታለም ዘንድ እሄዳለሁ፣ በሯን ቀለም ቀባሁላት፣ ጣራዋን አስጠገንኩ። እሷ ግን የሟች ባሏን ስም ባነሳች ቁጥር ያችን ነገር ትጨምራለች፤ «ምን ያስቸኩለው ነበር» ትላለች፤ ከሐዘኗ ጋር ንዴት ነበራት። ሰውዬው አልቸኮለም። በቃኝ ብሎ ነበር፣ ሁለት ጊዜ። ይህን የምናውቀው እኔና አንድ አሳ አጥማጅ ሽማግሌ ብቻ ነን።

የሙት ዓመቱ ዕለት ሰዉ ከተበተነ በኋላ ነገርኳት። ከጉርሻዋ ጀምሬ እስከ ሦስተኛው ቂጣ ድረስ፣ የሆስፒታሉንም ዝምታዬን ሳልተው ነገርኳት። ታለቅሳለች፣ ትጮኻለች፣ ትመታኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አንዷንም አላደረገችም። ነጠላዋን አስተካከለችና፣

«እኔ እኮ አልጋው ላይ ተቆጣሁት» አለች። «አፉን ሞልቶ መናገር የማይችልን ሰው ተቆጣሁት። አንተ ቆመህ ታያለህ።»

ከዚያ ተነሳችና ፊቴ የነበረውን ሳህን አነሳች። በልቼ አልጨረስኩም ነበር። ወደ ማዕድ ቤት ይዛው ገባችና አልተመለሰችም። ትንሽ ጠብቄ ወጣሁ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ሰው መውደድ ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም፤ እኔ ራሴ የማውቀው አልመሰለኝም። በማዕዳችን ላይ ግን አንድ ነገር አስተውሉ። እንግዳ በቃኝ ሲል አንሰማውም፤ ይግደረደራል እንላለን። ይሉኝታው ነው፣ ልቡ ይፈልጋል እንላለን። እኔ በሞቴ ብዬ የማልኩት በራሴ ሞት ነበር፤ የተከፈለው ግን በእሱ ነው። ደግሞም ያስገደድኩት ለእሱ ብዬ አልነበረም። ይቅር መባሌን በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነው። ይቅርታውን ሰጥቶኝ ነበር እኮ፤ ከሽምብራው ቆርሶ ሲበላ ሰጥቶኝ ነበር። አልበቃኝም።

ዘንድሮ የገና ጾም ሲገባ ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሽምብራ አሳ ሠራሁ። በእናታችን አሠራር ቁሌቱን ሁለት ሰዓት አበሰልኩ፣ ዓይንና ቅርፊትም አወጣሁለት። በሳህን አድርጌ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ፣ ያችን የአስር ደቂቃ መንገድ ሄድኩ። እታለም በሩን ከፈተች። እኔ የቀባሁት በር ነው። ጨርቁን ገለጥ አድርጌ አሳየኋት። ወጡን አየችው፣ ረጅም ጊዜ አየችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እጇ ግን ከበሩ መያዣ አልተነሳም።

«በቃኝ» አለችኝ።

አልለመንኳትም። ጨርቁን መልሼ ሸፈንኩና ሳህኑን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።